የጊዜ ሚዛን በኮምፒዩተር ውስጥ



«ጊዜ ወርቅ ነው» የሚለውን ቃል ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። ነገር ግን ወርቅ የሚሸጥ ነጋዴ ሁሉ ሚዛን አለው። ሚዛን የሌለው ወርቅ ሻጭ ቢያጋጥመን ገንዘባችንን ይዘን ወደ ሌላው ሱቅ እንሄዳለን። ታዲያ ጊዜን የምንመዝንበት ሚዛን ትክክለኛ መሆኑን መርምረን የምናውቅ ስንቶቻችን ነን? እኔም እስከ ባለፈው ዓመት ድረስ መርምሬ አላውቅም ነበር። ሳልመረምር በመፍረዴም አንዲት የትምህርት ጓደኛዬን አስቀይሜአለሁ። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣኝ ዋናው ምክንያት ይኸው ነው።

ነገሩ እንደሚከተለው ነው። ለአንድ ጓደኛችን አጎቱ ከጅቡቲ የመጫወቻ መኪናዎች ከነመንገዳቸው አምጥቶለት ነበር። እነዚህ መኪናዎች እንደ ሌሎቹ መጫወቻዎች በባትሪ የሚነዱ አይደሉም። መንገዳቸው በመካከሉ ጠባብ ቦይ አለው፤ ከመኪናው ሆድ ሥር የወጣችው ምላስ በቦዩ ውስጥ ትገባና መኪናውን ትመራዋለች። በቦዩ ግራና ቀኝ የተዘረጉት ሁለት የብረት መሥመሮች ደግሞ ኤሌክትሪክ ለሞተሩ ያቀብላሉ። ነጂው በእጁ የያዘውን መቆጣጠሪያ ሲጫን መኪናው ይፈጥናል፤ ሲለቅ ይዘገያል። ተጣጣፊው ስፍራ ላይ ሳይለቅ የቀረ እንደ ሆነ መኪናው ከቦዩ ወጥቶ ይገለበጣል። ይህን ዓይነት መጫወቻ በዓለም ላይ ካስታወቁት አንዱ ፍሬድ ፍራንሲስ የተባለ እንግሊዛዊ ሲሆን፥ «ስካሌክስትሪክ» ብሎ የሰየመውን መጫወቻ ለሕዝብ ያሳየው በ1949 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1957) ነበር።

የሳይንስ ክበባችን የመጣውን መንገድ አይቶ በኮምፔንሳቶ ላይ ረዘም ያለ ሌላ መንገድ ሠራ። መኪናዎቹንም ከተበላሹ ቴፖች በተነቀሉ ሞተሮች እየሠራን፥ በዘጠነኛ ሀ እና በዘጠነኛ ለ መካከል ውድድር ተደረገ። ያሸነፈው ክፍል ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ጋር በሚደረገው ትርዒት ላይ ትምህርት ቤታችንን ወክሎ እንዲቀርብ ተወሰነ። እኔ የዘጠነኛ ሀ ተማሪ ብሆንም፥ የሩጫ ሰዓት መያዝ ትችላለህ ተብዬ ሰዓት ያዥ ሆንሁ። በቀኝ እጄ አንድ ስልክ ለክፍሌ መኪና፥ በግራ እጄ ሌላ ስልክ ለዘጠነኛ ለ መኪና ያዝሁ። ዐሥሩ ዙር ሲፈጸም መኪናዎቹ ጎን ለጎን ሆነው ገቡ። ስልኮቹን ባየኋቸው ጊዜ የእኛ መኪና በ8 መቶኛ ሰከንድ ቀድሞ ነበር። እኔም «ዘጠነኛ ሀ አሸነፈ» ብዬ ተናገርሁ።

የዘጠነኛ ለን መኪና የሠራችውና የነዳችው ልጅ ጎረቤቴ ናት። የሞተሩን ሽቦ በገዛ እጇ ፈትታ እንደገና የጠመጠመች፥ ሦስት ሳምንት ሙሉ የደከመች ልጅ ናት። «እኔ ቀድሜአለሁ፤ በዐይኔ አይቻለሁ» አለችኝ። እኔም ስልኩን አሳየኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ ነሣችኝ። እናቴና እናቷ ቡና የሚጠራሩ ጎረቤታሞች ስለሆኑ፥ ነገሩ ከትምህርት ቤት አልፎ ወደ ሰፈር ገባ። እናቴም አንድ ቀን፥ «ልጄ፥ ቁጥሩን ተወውና፥ አንተ ራስህ እርግጠኛ ነህ ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አጣሁ።

የሰው እጅና የሰው ዐይን

እንዲህ ያለው ክርክር በእኛ አልተጀመረም። በ1952 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1960) ሮም ላይ በተደረገው የኦሊምፒክ ጨዋታ አበበ ቢቂላ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ማሸነፉን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ሁለተኛ የወጣውን የሞሮኮ ሯጭ የቀደመው በ25 ሰከንድ ያህል ስለ ነበረ፥ በዚያ ላይ ክርክር ሊነሣ አይችልም ነበር። በዚያው ዓመት፥ በዚያው ጨዋታ ላይ ግን በመቶ ሜትር ዋና ትልቅ ክርክር ተነሥቷል። ላርሰን የተባለውን አሜሪካዊ የያዙት ሦስት ሰዓቶች 55.0፥ 55.1 እና 55.1 ሰከንድ አሳዩ፤ ዴቪት የተባለውን አውስትራልያዊ የያዙት ሦስቱም ሰዓቶች 55.2 አሳዩ። ሆኖም በዐይን የሚፈርዱት ዳኞች አሳብ ስለ ተከፈለ፥ በመጨረሻ ወርቁ ለዴቪት ተሰጠ። ከዚያ በኋላ የዋናው ስፖርት ሰዎች ዋናተኛው ራሱ በእጁ ነክቶ የሚያቆመውን የኤሌክትሪክ ሰዓት ወደ መጠቀም አዘነበሉ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ በመስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2000) ሲድኒ ላይ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የኬንያውን ፖል ቴርጋትን በ10,000 ሜትር ያሸነፈበትን ሩጫ እናስታውስ። ኃይሌ የገባው በ27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ ሲሆን ቴርጋት የገባው በ27 ደቂቃ ከ18.29 ሰከንድ ነው። ልዩነቱ 9 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ነበር። በዚያው ጨዋታ በመቶ ሜትር አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ወንዶች የተለያዩት በ12 መቶኛ ሰከንድ ነበር። እንግዲህ 25 ዙር የሮጡት ሰዎች መቶ ሜትር ከሮጡት ይልቅ ተቀራርበው ገቡ ማለት ነው። ይህንን በእጅ ሰዓት የሚለይ ሰው ከወዴት ይገኛል?

የእጅ ሰዓት የሚሳሳትበት ምክንያት ብዙ ነው። አንደኛ፥ ዐይን ያየውን ነገር እጅ እስኪፈጽመው ድረስ ጊዜ ያልፋል። ይህ ጊዜ ለአብዛኛው ሰው ወደ ሁለት ዐሥረኛ ሰከንድ ይጠጋል። በአጭር ርቀት ሩጫ ላይ ሯጩ ጥይቱ ከተተኮሰ በኋላ ከአንድ ዐሥረኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ቢነሣ፥ ድምፁን ሳይሰማ ተነሥቷል ተብሎ የሚፈረድበት ስለዚህ ነው። ሁለተኛ፥ ድምፅ ራሱ ለመጓዝ ጊዜ ይፈጅበታል። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት አየር ድምፅ በሰከንድ 345 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በመቶ ሜትር ሩጫ መጨረሻው መሥመር ላይ የቆመ ሰዓት ያዥ ድምፁን ጠብቆ ሰዓቱን ቢያስነሣ፥ ወደ 0.29 ሰከንድ ያህል ዘግይቷል ማለት ነው። ስለዚህ ሰዓት ያዦች ድምፁን ሳይሆን የሽጉጡን ጢስ ወይም ብልጭታ አይተው እንዲያስነሡ ይታዘዛሉ። ሦስተኛውን ምክንያት ግን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሴ እጅ ነው የተማርሁት፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የመጫወቻ መኪና ሲታሰብ ስሕተቱ ምን ያህል እንደ ሆነ እንመልከት። መኪኖቻችን መጨረሻው መሥመር ላይ በሰከንድ ወደ 3 ሜትር ይሄዳሉ። እንግዲህ በአንድ ዐሥረኛ ሰከንድ ውስጥ 30 ሳንቲ ሜትር ይሄዳሉ። የአንዱ መኪና ርዝመት 13 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ፥ አንድ ዐሥረኛ ሰከንድ የተሳሳተ ሰው ከሁለት መኪና በላይ ተሳሳተ ማለት ነው። በአንድ ሺሕኛ ሰከንድ ግን መኪናው የሚሄደው 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገን ሺሕኛ ሰከንድን የሚለይ ሚዛን ነበር።

መሣሪያው ምንና ምን እንደ ሆነ

በትምህርት ቤታችን ዕቃ ቤት ውስጥ ለብዙ ዓመት አቧራ የጠጣ አሮጌ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ነበረ። ለሌላ ሥራ አይረባም ተብሎ ቢጣልም፥ ለእኛ ሥራ ግን ከአዲሱ ይልቅ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱም በጀርባው ላይ ባለ 25 ቀዳዳ የፕሪንተር መሰኪያ አለው። በአዳዲሶቹ ኮምፒዩተሮች ላይ ይህ መሰኪያ ብዙውን ጊዜ አይገኝም። ይህ መሰኪያ ለፕሪንተር ትእዛዝ መላክ ብቻ ሳይሆን፥ ከፕሪንተሩም «ወረቀት አልቋል»፥ «ተቀብያለሁ» የሚሉ መልእክቶችን የሚቀበልባቸው አምስት ገመዶች አሉት። ከእነዚህ ገመዶች አብዛኞቹ ወደ 5 ቮልት ሲጠጉ ኮምፒዩተሩ «1» ብሎ ያነባቸዋል፤ ወደ ዜሮ ሲጠጉ «0» ብሎ ያነባቸዋል። ስለዚህ ፕሪንተሩን ነቅለን በቦታው የእኛን መሣሪያ ብንሰካ፥ ኮምፒዩተሩ መኪና ማለፍ አለማለፉን ከዚያው ማንበብ ይችላል።

መኪናውን የሚያየው ዐይን ፎቶትራንዚስተር የሚባል፥ ከምስር ፍሬ ጥቂት የሚበልጥ ዕቃ ነው። ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ ጨለማ ሲሆን ይዘጋል። በእያንዳንዱ ቦይ ሥር ቀዳዳ በስተን አንድ አንድ ፎቶትራንዚስተር ወደ ላይ እያየ እንዲቀመጥ አደረግን። ከመንገዱ በላይ ደግሞ ትንሽ ድልድይ ሠርተን፥ ለሰው ዐይን የማይታይ ጨረር የሚሰጡ ሁለት አምፑሎች ወደ ታች እንዲያበሩ አደረግን። መኪናው በድልድዩ ሥር ሲያልፍ ጨረሩን ይጋርደዋል፤ ያን ጊዜ ፎቶትራንዚስተሩ ይዘጋና የገመዱ ቮልት ይለወጣል። ለእያንዳንዱ አምፑል 220 ኦም፥ ለእያንዳንዱ ፎቶትራንዚስተር 10,000 ኦም ሬዚስተር ተጠቅመናል። ከዚያም በኋላ የሚንቀጠቀጠውን ቮልት ቁርጥ አድርጎ «አዎ» ወይም «የለም» የሚያሰኝ አንዲት ትንሽ አይሲ ጨመርንበት። ሬዚስተሮቹንና አምፑሎቹን ያገኘነው ከተጣሉ ዕቃዎች ነው፤ የቀረውን ከታይዋን ገበያ በቁጠባ ገንዘባችን ገዛን።

ኮምፒዩተሩ አምስቱን ገመዶች የሚያነብበት በር 889 የሚባል ቁጥር አለው። የመጀመሪያው ቦይ ገመድ 64፥ የሁለተኛው ቦይ ገመድ 32 የሚል ዋጋ አላቸው። ሌሎቹን ገመዶች ትተን እነዚህን ሁለቱን ብቻ ብናይ፥ ሁለቱም ብርሃን ሲያዩ ድምሩ 96 ይሆናል። 32 ሲሆን በመጀመሪያው ቦይ መኪና እያለፈ ነው፤ 64 ሲሆን በሁለተኛው ቦይ መኪና እያለፈ ነው፤ 0 ሲሆን ሁለቱም እኩል እያለፉ ነው። ወላጆቻችን እንደምታዩት፥ ኮምፒዩተር ተአምር የሚሠራ ነገር አይደለም፤ የሚያውቀው መደመርና መቀነስን ነው።

ያጋጠሙን ችግሮች

ሥራው በአንድ ቀን አልተቃናም። ከሁሉ አስቀድሞ መሣሪያውን በጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ኃይሉን ከባትሪ ድንጋይ እንዲያገኝ አድርገን ነበር። ቁጥሩ እንደ ዕብድ ይዘላል፤ መኪና ሳያልፍ አለፈ ይላል። በከዚራ ብዙ ዘመን ሬድዮ ሲጠግኑ የኖሩ አንድ ሽማግሌ አሉ። መሣሪያውን ተሸክመን ወደ እርሳቸው ሄድንና፥ «አባባ፥ ምን አጥፍተን ነው?» ብለን ጠየቅናቸው። መነጽራቸውን አድርገው አየት አደረጉና፥ «ልጆቼ፥ ጥቁሩን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር አገናኙ፤ የቀረውን ከዚያ በኋላ እናወራለን» አሉን። ለካስ ቮልት የሚለካው ከአንድ መነሻ ነው። የእኛ ባትሪ አንድ መነሻ አለው፤ ኮምፒዩተሩ ሌላ መነሻ አለው። ሁለቱ ካልተገናኙ ኮምፒዩተሩ «5 ቮልት» ሲባል ከወዴት ተነሥቶ እንደሚለካ አያውቅም። ከድሬዳዋ ተነሥቶ የሚቈጥርና ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የሚቈጥር ሁለት መንገደኞች በኪሎ ሜትር ቁጥር ሊስማሙ እንደማይችሉ ማለት ነው።

መሣሪያውን ወደ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ለማስገባት የወሰንነው ከዚህ የተነሣ ነው። በውስጥ ያለው ፓወር ሰፕላይ ከሚያወጣቸው ሽቦዎች ቀዩ 5 ቮልት፥ ቢጫው 12 ቮልት ሲሆን፥ ጥቁሩ መነሻው ነው። ከቀዩና ከጥቁሩ ብንወስድ የባትሪ ወጪ ይቀራል፥ መነሻውም አንድ ይሆናል፤ በጠረጴዛ ላይ የተዝረከረከውንም ሽቦ ልጆች እየረገጡ አይበጥሱትም። ስለዚህ ኮምፒዩተሩን ከግድግዳው መሰኪያ ነቅለን፥ ክዳኑን በካቻቢቴ ፈታን። ከውስጡ የወጣው አቧራ ብቻ አንድ የቆሻሻ መያዣ ሞላ! መሣሪያውን የሲዲ ማጫወቻው በነበረበት ባዶ ስፍራ ውስጥ በብሎን አሠርነው፤ ብረት ከብረት እንዳይነካም ከሥሩ ፕላስቲክ አነጠፍንበት። በፊት ለፊቱ ክዳን ላይ ቀዳዳዎች በስተን የዐይኖቹ ገመዶች የሚሰኩባቸውን መሰኪያዎች ገጠምን። እዚህ ላይ ታናናሾቻችንን የምናስጠነቅቀው፥ የፓወር ሰፕላዩን ሣጥን ራሱን ፈጽሞ እንዳትከፍቱ ነው። ከተነቀለም በኋላ በውስጡ ሰውን የሚጎዳ ኤሌክትሪክ ተጠራቅሞ ሊቆይ ይችላል።

ሁለተኛው ችግር የድሬዳዋ ፀሐይ ነው። ቀትር ላይ ከመስኮት የሚገባው ብርሃን ዐይኖቹን አሳወራቸው፤ መኪናው ቢያልፍም ጨለማ አይታያቸውም። የአሮጌ እስክሪብቶ ቀፎ ቈርጠን፥ ዙሪያውን በጥቁር ናስትሮ ጠምጥመን፥ እያንዳንዱን ዐይን በቀፎው ሥር ስናስቀምጠው ቀጥታ ከላይ የሚመጣውን ጨረር ብቻ ማየት ጀመረ። ማታ ደግሞ የክፍሉ ረጅም አምፑል አስቸገረን። የግድግዳ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ እንዲህ ያለው አምፑል በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ የሰው ዐይን አያየውም፥ ፎቶትራንዚስተር ግን ያየዋል። ለዚህም ቀፎው መድኃኒት ሆነው።

ሦስተኛው ችግር ከሁሉ የጠለቀ ነበር። ፕሮግራሙን ፓስካል በሚባለው ቋንቋ ጽፈን መኪናዎቹን ስናስሮጥ፥ ልዩነታቸው ሁልጊዜ ወይ 0፥ ወይ 0.055፥ ወይ 0.11 ሰከንድ ይሆናል፤ በመካከሉ ያለ ቁጥር አይወጣም። የኮምፒዩተሩ ሰዓት እንደ ደረጃ እየዘለለ እንደሚሄድ የገባን ያን ጊዜ ነው። በዚህ ዓይነት ኮምፒዩተር ውስጥ በሰከንድ 1,193,182 ጊዜ የሚመታ ቈጣሪ አለ። ኮምፒዩተሩ ግን ያን ሁሉ አይቈጥርም፤ በየ65,536 ምት አንድ ጊዜ ብቻ ሰዓቱን ያራምዳል። 1,193,182ን ለ65,536 ብናካፍል 18.2 ይሆናል። እንግዲህ ሰዓቱ በሰከንድ የሚራመደው 18 ጊዜ ያህል ብቻ ነው፤ አንዱ እርምጃም 55 ሺሕኛ ሰከንድ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ መኪናው 16 ሳንቲ ሜትር ከግማሽ ይሄዳል። ያን ሁሉ ደክመን የሠራነው መሣሪያ አንድ መኪና ሙሉ ይሳሳት ነበር! በመምህራችን እርዳታ ማካፈያውን ከ65,536 ወደ 1,193 ስንለውጠው፥ ሰዓቱ በሰከንድ 1,000 ጊዜ ያህል መራመድ ጀመረ። ፕሮግራሙም በአሮጌው የዶስ ሥርዐት ብቻውን እንዲሠራ አደረግን። አዲሱ ዓይነት ዊንዶውስ ፕሮግራም በቀጥታ ወደ 889 በር እንዲገባ አይፈቅድም፤ ብዙ ሥራም ባንድ ጊዜ ስለሚሠራ የእኛን ሥራ ያዘገየዋል።

ከዚህ ሌላ አንድ መኪና ባንድ ጊዜ ማለፍ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ጨረሩን የሚጋርድበት ጊዜ አለ። ፕሮግራሙ አንድ ጊዜ ከቈጠረ በኋላ እስከ ግማሽ ሰከንድ ድረስ ያንን ቦይ እንዳይመለከት በማድረግ ይህን አስወገድን። መነሻውም ያለ አድልዎ እንዲሆን፥ ለሁለቱም ቦዮች ኤሌክትሪክ የሚለቀው ኮምፒዩተሩ ራሱ በአንድ ሪሌ አማካይነት ነው።

ሚዛኑን በራሴ ላይ

መሣሪያው ተፈጽሞ በትክክል በሠራ ጊዜ፥ መጀመሪያ የለካሁት መኪናውን ሳይሆን የራሴን እጅ ነው። ሁለት መጫኛዎች በቀሩት ገመዶች ላይ ሰክቼ፥ በቀኝና በግራ እጄ ያዝኋቸው። መኪናዎቹ ባለፉ ቍጥር ልክ እንደዚያ ቀን እጫናለሁ፤ ኮምፒዩተሩ ደግሞ መኪናው ያለፈበትንና እኔ የተጫንሁበትን ጊዜ ሁለቱንም ይመዘግባል። አርባ ጊዜ ሞከርሁ። በአማካይ ለክፍሌ መኪና በ4 መቶኛ ሰከንድ አስቀድሜ ስጫን፥ ለሌላው መኪና በ6 መቶኛ ሰከንድ ዘግይቼ ስጫን ተገኘሁ። ልዩነቱ 10 መቶኛ ነው። እኔ የፈረድሁት ደግሞ በ8 መቶኛ ነበር።

ምናልባት ግራ እጄ ሰነፍ ሆኖ ይሆናል ብዬ እጆቼን አለዋውጬ እንደገና አርባ ጊዜ ሞከርሁ። ልዩነቱ ወደ 6 መቶኛ ዝቅ አለ እንጂ አልጠፋም፤ አሁንም የሚቀድመው የክፍሌ መኪና ነው። እንግዲህ ስሕተቱ በከፊል የእጅ ነበር፤ በከፊል ግን የልብ ነበር። እንዲያሸንፍ የምመኘውን መኪና ገና ሳይደርስ ደረሰ ብዬ እጫናለሁ፤ የሌላውን ግን መድረሱን አረጋግጬ እጫናለሁ። ውሸት አልተናገርሁም፤ ለማታለልም አላሰብሁም። ቢሆንም አድልቻለሁ። ሦስተኛው ምክንያት ያልሁት ይህ ነው።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ጎረቤቴ ቤት ሄድሁ። ቁጥሩን አንድ በአንድ አሳየኋትና፥ «ያን ቀን አንቺ አሸንፈሽ እንደ ሆነ ልነግርሽ አልችልም፤ ያ ሩጫ አልፏል። ነገር ግን ተሸንፈሻል ማለት አልነበረብኝም። ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኋት። እርስዋም ወረቀቱን ብዙ ጊዜ ተመለከተችው። ከዚያም፥ «እንግዲያው እንደገና እናስሩጣቸው፤ አንተ ግን ምንም እንዳትይዝ» አለችኝ።

በመምህራችን ፈቃድ በመሣሪያው አምስት ጊዜ ተወዳደሩ። ሁለት ሁለት ሆነው እኩል ከወጡ በኋላ፥ አምስተኛው በ14 ሺሕኛ ሰከንድ፥ ማለትም በ4 ሳንቲ ሜትር ያህል ልዩነት ተወሰነ። የቀደመው የዘጠነኛ ሀ መኪና ነበር። የክፍሌ ልጆች ሲጮኹ እኔ ፊቷን እመለከት ነበር። እርስዋ ግን መስተዋቱ ላይ ያለውን ቁጥር አንብባ፥ «አሁን ተሸነፍሁ፤ ያን ጊዜ ግን የተፈረደብኝ እንጂ የተሸነፍሁ አልነበርሁም» ብላ የነጂያችንን እጅ ጨበጠች። ለእኔም እጇን ሰጠችኝ። በትርዒቱ ላይ መኪናውን ብቻ ሳይሆን መሣሪያውን ጭምር ይዘን የቀረብነው ከሁለቱም ክፍል የተውጣጣን ልጆች ነን፤ ስለ ቈጣሪው የምታስረዳው እርስዋ ነበረች።

ማጠቃለያ

መሣሪያችን ጉድለት የለበትም አልልም። ቈጣሪውን በ1,193 ስናካፍለው በትክክል 1,000 ሳይሆን 1,000.15 ይወጣል፤ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ወደ 5 ሺሕኛ ሰከንድ ይስታል። ሆኖም ለሁለቱም መኪናዎች እኩል ስለሚስት ማን እንደ ቀደመ አያዛባም። ለሰው ሩጫም እንዳለ ሊሆን አይችልም፤ ጨረሩን የሯጩ እጅ ቀድሞ ሊጋርደው ይችላልና። በሩጫ ሕግ የሚቈጠረው ደረት ነው፤ በትልልቅ ውድድሮች ላይ የመጨረሻውን መሥመር ብቻ ያለ ማቋረጥ የሚያነሣ ልዩ ካሜራ የሚቆመው ስለዚህ ነው።

ሚዛን ከሚገባው በላይ ቢረቅም ዋጋ የለውም። በ1964 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1972) ሙኒክ ላይ አንድ የስዊድን ዋናተኛ አሜሪካዊውን በ2 ሺሕኛ ሰከንድ ብቻ እንዳሸነፈ ተፈርዶ ነበር። በኋላ ግን የዋናው ገንዳ መሥመሮች ራሳቸው በዚያ መጠን እኩል ሆነው ሊሠሩ እንደማይችሉ ስለ ታሰበ፥ እስከ መቶኛ ሰከንድ ብቻ እንዲቈጠርና እኩል የገቡት ሽልማቱን እንዲካፈሉ ተደነገገ። ማን እንደ ቀደመ ለማወቅ በማይቻልበት ጊዜ «እኩል ናቸው» ማለትም እውነተኛ ፍርድ ነው።

ከተማችን ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1902) የባቡር ሐዲድ ሲደርስ የተቈረቈረች ከተማ ናት። ብዙዎቻችን አያቶቻችን በባቡሩ ጋራዥ ውስጥ ብረት ሲሞርዱ፥ ሞተር ሲፈቱ የኖሩ ባለሙያዎች ነበሩ። ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፥ በየቤታችን የተጣለውን ዕቃ ከመወርወራችን በፊት እንፍታው፥ እንመርምረው። ነገር ግን ሌላውን ሁሉ ከመለካታችን አስቀድመን ሚዛኑን በራሳችን ላይ እንሞክረው። መሣሪያው በሳይንስ ክበቡ ክፍል ውስጥ ይገኛል፤ እጁን መለካት የሚወድ ሁሉ፥ መምህራንም ጭምር፥ መጥቶ መሞከር ይችላል።